አምስቱን ኮከብ ማን ሰጠው?

የስልኬ ባትሪ እኩለ ቀን ሳይደርስ እያለቀ ሲያስቸግረኝ ፓወር ባንክ ልገዛ ኢንተርኔት ላይ ገባሁ። ብዙ ካማረጥኩ በኋላ 4.7 ኮከብ ያለው አገኘሁ። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አስተያየት ጽፎበታል። ይሄ ሁሉ ሰው አይሳሳትም ብዬ አዘዝኩት።

ካርቶኑን ስከፍት ከዕቃው በላይ አንዲት ወርቃማ ካርድ ተቀምጣለች። «ወደዱት? አምስት ኮከብ ይስጡና ስክሪንሾቱን ይላኩልን፤ የቻርጀር ገመድ በነፃ እንልክልዎታለን» ትላለች። ፓወር ባንኩን ገና ስልኬ ላይ አልሰካሁትም። ግን ገመድ ማን ይጠላል? አምስቱን ኮከብ ነካሁ፣ «በጣም ምርጥ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ላክሁ። ገመዱ በሳምንቱ መጣ። እውነቱን ለመናገር ገመዱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ፓወር ባንኩ ግን በአራተኛው ወር ስልኬን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ይጠፋ ጀመር።

ያቺ 4.7 ከየት እንደመጣች የገባኝ ያኔ ነው። ከእኔ ነው የመጣችው። ከእኔና ገመድ ከማይጠሉ ሌሎች ሰዎች።

ኮከቡ የሚለካው ምንድን ነው?

ሪቪው የምንለው ዕቃ የገዛ ወይም አገልግሎት ያገኘ ሰው ለሚቀጥለው ገዢ የሚተወው አስተያየት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብና አጭር ጽሑፍ ይይዛል። አማዞን ገና መጽሐፍ ብቻ ይሸጥ በነበረበት በ1995 የጀመረው ነገር ዛሬ የሌለበት የመሸጫ ገጽ የለም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድረ ገጹ የሁሉንም ኮከብ ደምሮ ያካፍልና አንድ ቁጥር ያወጣል። አንዳንዱ ለአዳዲሶቹ አስተያየቶች ትንሽ ክብደት ይጨምራል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

ችግሩ ቁጥሩ ቴርሞሜትር መምሰሉ ነው። 4.7 ሲባል አንድ ሰው ዕቃውን በመሣሪያ የለካው ይመስላል። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ለመናገር የፈለጉ ሰዎች ምን እንዳሉ ብቻ ነው። ሰው የሞላበት አዳራሽ አስቡ። «አስተያየት ያለው?» ሲባል እጁን የሚያወጣው በጣም የተደሰተውና በጣም የበሸቀው ነው። «ደህና ነው፣ ምንም አይል» የሚለው መካከለኛ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የብዙ ዕቃዎችን የኮከብ ዝርዝር ብትከፍቱ አምስቱ ጋ ረጅም፣ አንዱ ጋ አጠር ያለ መስመር ታያላችሁ። መሃሉ ጭር ያለ ነው። ጭር ያለው ቦታ የዝምተኞቹ ወንበር ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሦስት ተመራማሪዎች በ120 ዘርፍ የተመደቡ 1,272 ዕቃዎችን ይዘው የአማዞን ኮከባቸውን ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው ድርጅት በቤተ ሙከራ ፈትኖ ከሰጣቸው ነጥብ ጋር አስተያዩት። ግንኙነቱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ኮከቡ ከጥራቱ ይልቅ ከዋጋውና ከብራንዱ ስም ጋር ይሄድ ነበር። ሰው ውድ ነገር ከገዛ ጥሩ ነው ብሎ ያምናል፤ ማመኑ ደግሞ ኮከብ ሆኖ ይወጣል።

በዚህ ላይ የመንጋ ነገር አለ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት አንድ የዜና ማጋሪያ ገጽ ላይ ከ100,000 በላይ ኮሜንቶችን ወሰደ። ከነዚህ የተወሰኑትን እንደ ዕጣ መረጠና ገና እንደተጻፉ አንዲት የድጋፍ ድምፅ ጣል አደረገባቸው። አንዲት ብቻ። እነዚያ ኮሜንቶች መጨረሻ ላይ ያገኙት ነጥብ በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። እንግዲህ ሻጭ የመጀመሪያዎቹን አሥርና ሃያ ኮከቦች ለማግኘት ለምን እንደሚሟሟት ከዚህ ይገባናል። የቀረውን መንጋው ራሱ ይጨርስለታል።

ሐሰተኛው አስተያየት የሚሠራው የት ነው?

አብዛኛው ሰው ሐሰተኛ ሪቪው ሲባል የሚታየው ኮከብ የሚያዘንብ ሮቦት ነው። እሱም አለ። አማዞን በ2023 ብቻ ከ250 ሚሊዮን በላይ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸውን አስተያየቶች ማገዱን ተናግሯል። ግን ፍርድ ቤትና ተቆጣጣሪ ፊት የቀረቡትን ጉዳዮች ስታነቡ ከሮቦቱ ይልቅ ሰዉ ያስገርማል።

በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ክብደት የሚቀንስ ክኒን ይሸጥ የነበረ ድርጅትን ከሰሰ። ባለቤቱ 1,000 ዶላር ከፍሎ አማዞን ላይ ውዳሴ አስጽፏል። ለአስጻፊዎቹ የነገራቸው ነገር ግልጽ ነበር፤ ሽያጭ እንዲኖር አማካዩ ቢያንስ 4.3 መሆን አለበት። ሰውዬው የገዢን ልብ ያውቃል። እኔም ብሆን 4.1 ካየሁ አልፌ እሄዳለሁ።

በዚያው ዓመት ሰንዴይ ራይሊ የተባለ የቆዳ መንከባከቢያ አምራች ተራው ደረሰው። እዚህ ጻፊዎቹ የድርጅቱ ሠራተኞች ነበሩ። በኢሜይል የደረሳቸው መመሪያ ሦስት ሦስት አካውንት በተለያየ ማንነት ክፈቱ፣ የኛን ምርት አወድሱ፣ የሚተች ካያችሁ ደግሞ አስተያየቱን «አልወደድኩትም» በሉት የሚል ነበር። አስተያየቶቹ ከአንድ ቢሮ እንደተጻፉ እንዳይታወቅ ቪፒኤን ሁሉ ተዘጋጅቶላቸዋል። ቪፒኤን የምትጠቀሙበትን የኢንተርኔት አድራሻ የሚደብቅ አገልግሎት ነው። ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ድርጅቱ አንዲት ሳንቲም አልተቀጣም፤ ለወደፊቱ እንዳትደግሙ ተባለ፣ በቃ። ይህን አስታውሱት፣ ወደ ሕጉ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ከሁሉም ለመያዝ የሚያስቸግረው ግን ገንዘብ ተመላሹ መንገድ ነው። የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ ትገባላችሁ። ዕቃውን በራሳችሁ ገንዘብ ትገዛላችሁ፣ አምስት ኮከብ ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ ሻጩ በጎን ሙሉ ገንዘባችሁን ይመልሳል፤ አንዳንዴም ጉርሻ ይጨምርበታል። አስተያየታችሁ ጎን «የተረጋገጠ ግዢ» የሚል ምልክት ይወጣል። ምልክቱ አልዋሸም፤ ገዝታችኋል። አማዞን በ2022 እንዲህ ያሉ ከ10,000 በላይ የፌስቡክ ግሩፖችን የሚመሩ ሰዎችን ከሷል።

ይህን ምልክት ለማግኘት ሲባል የማይደረግ የለም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት የዘር ፓኬት በፖስታ ይደርሳቸው ጀመር። አገር ተሸበረ። የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ነገሩ ብረሺንግ የሚባለው ማጭበርበር ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቀ። ብረሺንግ ማለት ሻጩ ርካሽ ነገር ወደ አንድ እውነተኛ አድራሻ ይልካል፤ «ዕቃው ደርሷል» የሚል መዝገብ ያገኛል፤ ከዚያ በ«ገዢው» ስም ራሱ ያወድሳል።

ለሳቅ ያህል ደግሞ ይህን ልጨምር። በ2017 ኡባ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ለንደን ውስጥ የሚኖርባትን የጓሮ መጋዘን ምግብ ቤት ናት ብሎ ሰዎች ስለ ምግብ ቤትና ሆቴል አስተያየት የሚጽፉበት ትሪፕአድቫይዘር የተባለ ድረ ገጽ ላይ አስመዘገበ። ምግቡን ፎቶ አነሳ። በፎቶዎቹ ላይ «ክሬም» የሚመስለው የመላጫ አረፋ ነው። አንደኛው ሳህን ላይ የተቀመጠው የራሱ ተረከዝ ነበር። ወዳጆቹ አስተያየት ጻፉለት። ከ18,149ኛ ተነስቶ በስድስት ወር ገደማ የለንደን አንደኛ ምግብ ቤት ሆነ። እስከዚያ ድረስ እዚያ አንድም ሰው በልቶ አያውቅም ነበር።

ሁሉም አስተያየት እውነት ቢሆንስ?

እኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። አንዲት የሐሰት ቃል ሳትኖር ገጹ በሙሉ ሊያሳስት ይችላል።

ፋሽን ኖቫ የተባለው የልብስ ሻጭ ለዓመታት አራትና አምስት ኮከብ ያገኘ አስተያየት በቀጥታ ገጹ ላይ እንዲወጣ ሲያደርግ ነበር። ከአራት በታች የሆነው ደግሞ «እስኪታይ» ይቆያል። ሳይታይም ይቀራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አስተያየቶች እንዲህ ተቀብረው ቀርተዋል። ገጹ ላይ የወጣውን እያንዳንዱን ቃል እውነተኛ ደንበኛ ነው የጻፈው። ድምሩ ግን ውሸት ነው። በ2022 ድርጅቱ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በ2023 ደግሞ ባውንቲፉል የተባለ የቫይታሚን ሻጭ 600,000 ዶላር ከፈለ። እሱ ያደረገው ገና ገበያ የወጣውን ምርት አማዞን ላይ ከቆየውና ከተወደደው ምርቱ ጋር በአንድ ገጽ ማያያዝ ነው። አዲሱ ሳይለፋ የአሮጌውን ኮከብ ወረሰ። የገመድ ገጽ ላይ ስለ ብርድ ልብስ የሚያወራ አስተያየት አንብባችሁ ግራ ከተጋባችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱም ራሱ ያጭበረብራል። ሻጩ «እንዴት አገኙት?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ዕቃው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን የማይሠራ ፓወር ባንክ የለም።

ኢንፍሉዌንሰሩስ ወዳጅ ነው ወይስ ደላላ?

ኢንፍሉዌንሰር፣ ተጽዕኖ ፈጣሪ የምንለው፣ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚከተለው ሰው ስላለ ቃሉ ሌላውን ወደ መግዛት ወይም ወደ ማመን የሚገፋ ሰው ነው። ገንዘቡ በብዙ መንገድ ይገባል። አንዳንዴ ድርጅቱ ለአንድ ቪዲዮ ይህን ያህል ብሎ ይከፍላል። አንዳንዴ ዕቃ በነፃ ይልካል። በጣም የተለመደው ግን «ሊንኩ ከታች አለላችሁ» የምትለዋ ነገር ነች። ሊንኩ ውስጥ የእሱ መለያ አለ። በዚያ ገብታችሁ ከገዛችሁ ሻጩ ኮሚሽን ይሰጠዋል።

ይህ የደላላ ሥራ ነው። ነውር የለውም። ደላላ ሁሉ ዋሾ አይደለም፤ የሚያሳያችሁ ቤት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ካልተከራያችሁ አይከፈለውም። ስለዚህ ጣሪያው እንደሚያፈስ ለመናገር አይቸኩልም።

ከደላላ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ደላላን ደላላ መሆኑን እያወቅን ነው የምንሰማው። ኢንፍሉዌንሰሩን ግን እንደ ዘመድ ነው የምንሰማው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ምሁራን ይህን ያዩት በ1956 ነው፤ ያኔ ኢንተርኔት የለም፣ የሚያጠኑት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነው። አቅራቢው ካሜራውን እያየ ለብቻችሁ እንደሚያወራችሁ ሆኖ ሲናገር ተመልካቹ የሚያውቀው ሰው ይመስለዋል። ይህን ፓራሶሻል ግንኙነት አሉት፤ በእኛ አነጋገር የአንድ ወገን ወዳጅነት ነው። የልጅቷን የድመት ስም፣ የእናቷን ሕመም፣ የመኝታ ቤቷን መጋረጃ ቀለም ታውቃላችሁ። እሷ እናንተ መኖራችሁንም አታውቅም።

ይህ ወዳጅነት ሲበደል ጉዳቱ ከፓወር ባንክ ያልፋል። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ካንሰር ይዞኝ በአመጋገብ ተሻለኝ እያለች ብዙ ተከታይ አፍርታ ነበር። አፕ ሸጠች። ካንሰሩ አልነበረም። በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። ያመነቻት ታማሚ ሕክምናዋን አቋርጣ ከሆነ ያንን የሚመልስ ቅጣት የለም።

በዚያው ዓመት ባሃማስ ደሴቶች ላይ ሊደረግ የነበረው ፋየር ፌስቲቫል አለላችሁ። በርካታ ዝነኞች በአንድ ጊዜ ኢንስታግራማቸው ላይ አንዲት ብርቱካናማ ካሬ ምስል ለጠፉ። ስለ ቦታው፣ ስለ ማረፊያው፣ ስለ ዝግጅቱ ያረጋገጡት ነገር አልነበረም። ትኬቱ ግን ተቸበቸበ። ሰዉ ደሴቷ ላይ ሲደርስ ያገኘው ለአደጋ ጊዜ የሚተከል ድንኳን ነው። አዘጋጁ ቢሊ ማክፋርላንድ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ካሬዋን የለጠፉት ዝነኞች እስር ቤት አልገቡም።

«ይሄን ያህል ተከታይ ያለው ሰው እንዴት ይዋሻል?» የሚል ካለ፣ ተከታይም ይሸጣል። ዴቩሚ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ለተዋንያን፣ ለስፖርተኞች፣ ለአነቃቂ ንግግር አድራጊዎች ሳይቀር ሐሰተኛ ተከታይና እይታ ይቸበችብ ነበር። በ2019 በባለቤቱ ላይ የ2.5 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተወሰነ።

ብዙዎቹ ደግሞ ሊዋሹም አስበው አይደለም። ዩኔስኮ በ2024 ከ45 አገሮች 500 የይዘት ፈጣሪዎችን ጠይቆ ነበር። 62 በመቶዎቹ አንድ መረጃ ከማጋራታቸው በፊት በሥርዓት እንደማያጣሩ ተናገሩ። ከ10 አራቱ ገደማ አንድ ምንጭ ይታመን አይታመን የሚለዩት ባገኘው ላይክና እይታ ነው። ተከታዩ እነሱን አምኖ፣ እነሱ ላይኩን አምነው፣ ላይኩን ደግሞ ተከታዩ ሰጥቶ። ክብ ሠርቶ ይዞራል።

«ማስታወቂያ ነው» ካለ አይበቃም?

ይረዳል። የተከፈለበት መሆኑን የሚናገር ሰው ከማይናገረው ይሻላል። ግን ምልክቱ የሚነግራችሁ ገንዘብ መኖሩን እንጂ ልኩን አይደለም። ኪም ካርዳሺያን በ2021 ኢንስታግራሟ ላይ ኢተሪየም ማክስ የተባለ የክሪፕቶ ገንዘብ ስታስተዋውቅ ማስታወቂያ መሆኑን የሚገልጽ ሃሽታግ ነበረው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ለዚያች አንድ ፖስት 250,000 ዶላር መቀበሏን አልተናገረችም አለ። በ2022 ጥፋቱን ሳታምንም ሳትክድም 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን እየመጣ ነው። አሜሪካ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሐሰተኛ አስተያየት መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አላት፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈውንም ይጨምራል። ለአንድ ጥሰት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ሰንዴይ ራይሊ ያለ ቅጣት ሲያልፍ ተቆጣጣሪው በእጁ ያልነበረው ዱላ ይህ ነው። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ተመሳሳይ ክልከላ አላት። የአውሮፓ ኅብረት ሻጮች አስተያየቱ ከእውነተኛ ገዢ መምጣቱን እንዴት እንደሚያጣሩ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ፈረንሳይ በ2023 ለኢንፍሉዌንሰሮች ለብቻው ሕግ አወጣች፤ ጣራው ሁለት ዓመት እስርና 300,000 ዩሮ ነው። ችግሩ ሻጩ አንድ አገር፣ ጻፊው ሌላ አገር፣ ገዢው ሦስተኛ አገር መሆኑ ነው።

ታዲያ ምኑን ልይ?

ድሮ የተሰባበረ ሰዋስው የሐሰተኛ አስተያየት ምልክት ነው ይባል ነበር። እሱ ቀርቷል። ዛሬ ማሽኑ ከእኔ አሳምሮ ይጽፋል። ሐሰቱ ውዳሴ ብቻም አይደለም፤ ተፎካካሪን ለመጣል የሚጻፍ አንድ ኮከብም አለ።

እኔ አሁን አማካዩን ትቼ መጀመሪያ የምከፍተው ሁለትና ሦስት ኮከቦቹን ነው። ለሦስት ኮከብ ገመድ የሚሰጥ ሻጭ አላየሁም። ሦስት የሚሰጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥሩውንም መጥፎውንም ይናገራል። ከዚያ ቀኖቹን አያለሁ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶ ሰው ተንጋግቶ ካወደሰ አንድ ነገር አለ። ከ«ምርጥ ነው» ይልቅ «ከሦስት ወር በኋላ» ብሎ የሚጀምረውን አምናለሁ። ኢንፍሉዌንሰሩ ጋ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ይህ ሰው አትግዙት ያለው ነገር አለ ወይ? ዓመት ሙሉ የቀረበለት ሁሉ ምርጥ የሆነለት ሰው፣ ውዳሴው ከአንገት በላይ ነው።

ፓወር ባንኩ የተበላሸብኝ ጊዜ ገጹን መልሼ ከፈትኩት። ሦስት ኮከቦቹን ነካሁ። ከእኔ ግዢ ሁለት ወር ቀድሞ አንድ ሰው እንዲህ ጽፏል፤ «መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ወር በኋላ አራቱም መብራት በርቶ ሳለ ስልኬ 40 በመቶ ላይ ይቆማል።» ቃል በቃል የእኔ ችግር ነው። ወረድ ስል የራሴን «በጣም ምርጥ ነው» አገኘሁት። ዘጠኝ ሰው «ጠቅሞኛል» ብሎበታል።

አፈርኩ። ወደ ሁለት ኮከብ ዝቅ አድርጌ የሆነውን ጻፍኩ፤ የገመዱን ነገርም አልደበቅሁም። በማግስቱ ከሻጩ መልእክት ገባልኝ። «ስለተፈጠረው ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። አስተያየትዎን ካነሱልን ሙሉ ገንዘብዎን እንመልሳለን።»

እስካሁን አልመለስኩላቸውም።